ቀጭኑ ቢላ

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ካለ የዕቃ ሱቅ ቀጭን የዓሣ ቢላ አነሳሁና ጫፉን በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ተለመጠ፤ ተመልሶ ቀጥ አለ።

ሻጩ ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ ይሰበራል። ወፍራሙን ይውሰዱ። ለወንድ ልጅዎ ነው አይደል?»

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት ሴት አታርድም ነበር። ወንድ ከሌለ ዶሮዋ እንደታሰረች ትውላለች። አንድ ቀን የአባቴ ታላቅ እህት ከቦዮ ሐይቅ የመጣ ዓሣ ገዝታ፣ እዚያው ገበያ ቢላ አስመረጠችኝ። «የሚለመጠውን ያዢ፤ አጥንቱን ተከትሎ ይሄዳል» አለችኝ።

ቤት ስንገባ አባቴ ቢላውን ከእጄ ቀማኝ። «ዛሬ ዓሣ፣ ነገ በሬ ልታርድ ነው?»

አክስቴ ከዓሣው ላይ ቀና አላለችም። ጣቶቿ በቅርፊት ያብረቀርቁ ነበር። «ዓሣ አይታረድም። ከውሃ ሲወጣ አልቆለታል። መልስላት።»

አልመለሰም፤ ጣራው ሥር ሰካው። ሲወጣ በርጩማ ላይ ቆሜ አወረድኩት። በማግስቱ ደግሞ ሰካው፤ ደግሞ አወረድኩት። እሱም አልተወ፣ እኔም አልተውኩ።

«ለራሴ ነው» አልኩት ሻጩን። «ወፍራሙን አንተ ውሰደው።»