የዶክተሩ ጓንት

ባለቤቴ ሽንኩርታችን ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጨው በባዶ እጁ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብላ ባለችው ማሳችን መርጫውን አዝሎ ሲውል የጣቶቹ ቆዳ ይላጣል፣ የጥፍሮቹ ሥር ይደማል። እኔ ደግሞ እያየሁ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። ከተማ ወጥቼ ወፍራም የጎማ ጓንት ገዛሁለት።

ረጭቶ ሲመለስ የቤታችን ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወርውሮት ይገባል። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰው ከረመና እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ላላቅቀው ስል እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጣጠቀ። ገበሬውን የምትመክረው የቀበሌያችን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንኳ መጥታ፣ «ይህ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ የሚፈጀው ፀሐይና ሙቀት ነው። አጥበህ ጥላ ውስጥ ስቀለው» ብላ መክራዋለች። ማን ሰምቷት!

ሁለተኛውን ጥንድ ስገዛ እንዳይጠፋ ብዬ አንጓው ላይ በጋለ ሚስማር መስቀል ተኮስኩበት። ሳምንት ሳይሞላው፣

«እሱም አለቀ» አለኝ።

«ቁራጩስ የታለ?»

«ጣልኩታ! የሮቢት ፀሐይ ጎማ ይምራል እንዴ?»

እኔ ሞኟ አመንኩት። ፀሐዩን ስረግም፣ የማይረባ ዕቃ ሸጠህልኝ እያልኩ ነጋዴውን ስጨቀጭቅ ኖርኩ። ባለቤቴ ግን ወደ ባዶ እጁ ተመለሰ። ከዓመት ዓመት ጣቶቹ አብጠው ደነደኑ፤ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ሆንኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ለአምስት የሥራ ቡድን ተደራጅተን የመስኖውን ቦይ ስንጠርግ፣ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ከሥሩ ጭቃ አንድ ጥቁር ነገር በአካፋ አወጡ።

«ኧረ የሰው እጅ ነው!» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ።

ውሃ ስናፈስበት ጓንት ነው። አምስቱም ጣት ሙሉ፣ ለስላሳ፣ ትናንት የተገዛ ይመስላል። አንጓው ላይ የኔ መስቀል አለ።

«ይኼማ የዶክተሩ ጓንት ነው!» አለ አንዱ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ምን ማለትህ ነው ብዬ ስጠይቀው ነገሩን አወጣው። ለካ ባለቤቴ ጓንት ባጠለቀ ቁጥር፣ «ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀድ ነው?» እያሉ ያሾፉበት ነበር። አፍሮ ቀብሮታል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ አብራን ነበረች፤ ጓንቱን አገላብጣ አየችና፣ «ጭቃ ውስጥ ፀሐይም አየርም አላገኘውም፤ እንዲህ ያለው ጎማ ደግሞ በቀላሉ አይበሰብስም» አለች። እንዲቆይ የፈለግሁት ጣራ ላይ አለቀ፣ እንዲጠፋ የተቀበረው ተርፎ ወጣ።

«የሮቢት ፀሐይ አይምርም አላልክም? አንተ ቀጣፊ!» ብዬ ባለቤቴ ላይ ጀመርኩ።

እሱ ጓንቱን ከሠራተኛዋ እጅ ወሰደ፣ በቦዩ ውሃ አጠበው፤ ያ ሁሉ ሰው እያየው ሊያጠልቀው ሞከረ። ያበጡት ጣቶቹ አልገባ አሉ። ጎተተ፣ ደግሞ ጎተተ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። እኔም የቀረውን ስድቤን ዋጥኩት።