ማዕዘኑ የገጠመ ዕለት

እኔ ሦስተኛ ክፍልን እንኳ ያልጨረስኩ፣ የስፌት መኪና መርፌ ሲወጣና ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ የሚል ሴት ነኝ። ያን ዕለት ግን ልጄ መኪናው ላይ አስቀመጠችኝ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ስትሠራ ቆይታ ወጥታ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይታ የራሷን ሥራ ጀምራለች። ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያላት አንዲት ሴት፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የተሰፋ፣ አልጋ ግርጌ የሚነጠፍ ጨርቅ ናሙና አዛታለች። ካማራት የሁሉንም ክፍል ታዛለች፤ ካላማራት በቃ፣ ልጄ ወደ ፋብሪካው ተመላሽ ናት።

«ከሰዓት ትመጣለች። እኔ ልቁረጥ፣ አንቺ ግጠሚ» አለችኝ።

ሁለት ረድፍ ሰፋሁ። ጎን ለጎን ስናነጥፋቸው አንዱ ከሌላው በጣት አጠረ። የአራቱ ቁራጭ ማዕዘን አንድ ላይ መገናኘት ሲገባው አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ!

«እማዬ፣ ስፌትሽ እኮ ባጃጅ ነው! ክፍት ባየ ቁጥር ይታጠፋል።»

«እኔ ቀጥ አድርጌ ነው የነዳሁት!»

«ዓይንሽ የት ነበር?»

«መርፌው ላይ ነዋ! ጣቴን ቢበሳኝስ?»

ሳቀች። ከዚያ ፕላስተር ቆርጣ ከመርፌው በስተቀኝ፣ ብረቱ ላይ ለጠፈች።

«መርፌው መንገዱን ያውቃል፣ እሱን ተይው። የጨርቁን ጠርዝ ብቻ በፕላስተሩ ዳር ዳር አስኪጂው።»

ሁሉንም ፈታሁና እንደገና ተቀመጥኩ። መርፌውን አለማየት ዓይን ጨፍኖ አስፋልት እንደመሻገር ነው! ግን ጠርዙ ፕላስተሩን ተከትሎ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ መርፌውን ረሳሁት። ልጄ የአንዱን ረድፍ ከስፌቱ ኋላ የተረፈውን ጠርዝ ወደ ቀኝ፣ የሌላውን ወደ ግራ በካውያ አስተኛችው። ሁለቱን ሳነባብር ስፌቱ ከስፌቱ ተደጋግፎ ቁጭ ሲል በጣቴ ተሰማኝ። ሰፋሁት። ገለጥኩት። ገጠመ! አራቱ ቀለም አንዲት ነጥብ ላይ!

«እልልታሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት ሠርግ ይመስለዋል» አለች ልጄ፣ ራሷ እየዘለለች።

ናሙናው እንዳለቀ ሴትዮዋ መጣች። ፊቱን እንኳ ሳታይ ቀጥታ ገለበጠችው። ጥፍሯን በስፌቱ ላይ እየሳበች ከዳር እስከ ዳር ሄደች።

«ማን ነው የሰፋው?»

ልጄ ወደ እኔ ጠቆመች።

«እናቴ፣ የሌሎቹን ክፍሎችም እንዲህ አድርገው ይሰፉልኛል?»

አፌ ከእኔ ቀደመ፦ «መብራት ካልጠፋ ዛሬውኑ እጀምራለሁ!»