እስከ 1997 ይላል

ልጅ ሳለሁ ልደታ ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ፣ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጡት ሽማግሌ፣ የራሳቸውን ሻማ ለመቆጠብ እኛ ቤት መጥተው ተረት ያወሩልን ነበር።

በ1991 ሐምሌ አንድ ምሽት ግን የሁለት ዓመቱ ወንድሜ ሚኪ በትኩሳት እየነደደ እናቴ ጭን ላይ ተኝቶ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እናቴ ከአክስቴ ልጅ የተረፈ ሽሮፕ ከቡፌው አውጥታ ከጠዋት ጀምሮ ትሰጠዋለች፤ ትኩሳቱ ግን ወይ ፍንክች። «ገና ስድስት ዓመት አለው፤ እስከ 1997 ይላል» ብላ ጠርሙሱን አሳይታኛለች።

ጋሽ ደምሴ ጭንቀታችንን ሊያስረሱን ብለው ይመስለኛል፣ ከሰሉ ላይ እጃቸውን እያሞቁ ጀመሩ።

«ዓመት እኮ፣ ልጄ፣ በየቤቱ ሌላ ስም አለው። እኛ ጋ ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜም ስድስት ቀን ትሆናለች። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ተራቸውን ጠብቀው ነው የሚገቡት፤ እንደናንተ አይጋፉም! ባለሱቁን ሐጂን ብትጠይቂ በጨረቃ ቆጥረው 1420 ይሉሻል። ፈረንጅ ደግሞ፣ ችኩል አይደል፣ 1999 ገብቷል።»

ያኔ ዓይኔ ጠርሙሱ ላይ አረፈ። ጽሑፉ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ትልቅ ሰው ሲያወራ ማቋረጥ እንደሚያስቆነጥጥ አውቃለሁ፤ እናቴ ደግሞ ማንኪያውን ሞልታ ወደ ሚኪ አፍ አስጠግታለች።

«እማዬ፣ እሱ የፈረንጅ ዓመት ነው!»

ማንኪያው ቆመ። ጋሽ ደምሴ ጠርሙሱን ነጥቀው ወደ ሻማው አስጠጉት።

«በስመ አብ! ይሄ እኮ ካለፈበት ሁለት ዓመቱ ነው!»

እናቴ አላለቀሰችም። ሚኪን በጋቢ ጠቅልላ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣች፤ ጋሽ ደምሴም ጃንጥላ ይዘው ተከተሏት። ብቻዬን ቀረሁ። ሻማው እያለቀ ነበር፤ ቶሎ ባልናገር ኖሮ እያልኩ በሩን በሩን አያለሁ።

ሲመለሱ ሚኪ እናቴ ትከሻ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ጋሽ ደምሴ አዲስ መድኃኒት ይዘዋል። «ሳንባ ምች ነው፤ እንኳን አመጣሽው» ብሏታል ሐኪሙ። እናቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ሚኪ ዛሬ በቁመት ይበልጠኛል። ጋሽ ደምሴ ካረፉ ቆዩ፤ ከተረታቸውም ብዙውን ረስቼዋለሁ። እናቴ ግን የዱቄት ወተት እንኳ ብገዛላት መነጽሯን አድርጋ ታገላብጠዋለች።

«የማን ዓመት ነው?» ትለኛለች።

«የፈረንጅ ነው፣ እማዬ። ገና ነው።»

«ቁጠሪልኝ።»

ጣቴን እያጠፍኩ እቆጥርላታለሁ። እሷ ግን ጣቴን አታይም፤ ሚኪን ነው የምታየው።