እናቴ የተወጋችው መርፌ

ከሆዴ በስተቀኝ፣ ዝቅ ብሎ፣ የእናቴ ኩላሊት አለ። አዲስ አበባ ጎን ለጎን ተኝተን ከሷ ወጥቶ እኔ ውስጥ ከገባ አምስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሰላምታዋን ቀየረች። ስንገናኝም ሆነ ስትደውል መጀመሪያ የምትለው «ከሌን ኮ ፈያዳ?» ነው፤ ኩላሊቴ ደህና ነው ወይ ማለቷ ነው። ስለ እኔ የምትጠይቀው ከዚያ ቀጥላ ነው፤ አንዳንዴም ትረሳዋለች። ይህን የሚሰማ ሰው ይስቃል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እስቅ ነበር፣ በኋላ ግን ሰለቸኝ።

ኩላሊቱ እንዲቆይልኝ ጠዋትና ማታ መድኃኒት እውጣለሁ። መድኃኒቱ ሰውነቴ የራሱን ከባዕድ እንዳይለይ ያደነዝዘዋል። የእናቴን ኩላሊት እንግዳ ነው ብሎ እንዳያባርር የደነዘዘ ሰውነት ግን ጉንፋንንም ዝም ብሎ ያስገባል። ሥራዬ ከሚሴ፣ ዞን መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ባለጉዳይ መስኮቴን ተደግፎ ሲያስል ማስኬን ከፍ አደርጋለሁ። ኮሮና እኮ አለፈ ይሉኛል። ማስረዳቱን ትቼዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ ሆዴን ገልጬ አላሳይም።

ዓምና፣ ሌላው ሰው በዝንጅብል ሻይ የሚሸኘው ጉንፋን እኔን ሁለት ሳምንት ሆስፒታል አስተኛኝ። ኩላሊቱም አብሮኝ ደከመ። የምትከታተለኝ ዶክተር ነገር ማለሳለስ አትወድም። ሌላ እንዲህ ያለ ከመጣብሽ ኩላሊቱን ልናጣው እንችላለን አለችኝ።

ስለዚህ ለቀጠሮ አዲስ አበባ ስሄድ የጉንፋን ክትባት ወሰድኩ። መርፌው የገባበትን ክንዴን እያሻሸሁ፣ አሁንስ እንደ ሰው ሆንኩ? ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኋት። አልሆንሽም አለች። ክትባት ማለት ሰውነትን ማስተማር ነው፤ ያንቺ ሰውነት ግን በመድኃኒቱ ምክንያት ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለ ተማሪ ነው፤ ጥቂት ይማራል፣ የተማረውንም ቶሎ ይረሳል። በየዓመቱ መወጋት አለብሽ፣ ተወግተሽም ተጠንቀቂ። ከሁሉ የሚሻለው አብረውሽ የሚኖሩት ቢከተቡ ነው አለች፤ በሽታው እነሱ ጋ ከቀረ አንቺ ዘንድ አይደርስም።

ይህን አዲስ አበባ ሆኖ መናገር ቀላል ነው። እኛ ሰፈር የጉንፋን ክትባት ልውጋ ብሎ የሚነሳ ሰው አላውቅም፤ መርፌውን የሚያውቁት ሐጅ የሚሄዱት ብቻ ናቸው። እንዳጋጣሚ ዘንድሮ ተራው የእናቴ ነበር። ሊበሩ አንድ ቀን ሲቀራቸው አዲስ አበባ ላይ ክትባቷን ጨርሳ ደወለች። ደስ ብሏታል።

«እኔ ስወጋ እሱም ተወጋ ማለት እኮ ነው» አለችኝ። «የኔ ሥጋ አይደል?»

ኩላሊቱ ከእጇ የወጣ እንጂ ከሥጋዋ የወጣ አይመስላትም። እሷ የበላችው ይደርሰዋል፣ እሷ የጾመችው ይደርሰዋል፣ መርፌውም ይደርሰዋል። እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት የጠፋ ፋይል ስፈልግና ከኃላፊዬ ጋር ስነታረክ ውዬ ገና መግባቴ ነበር።

«እማ፣ ያ ኩላሊት አሁን የኔ ነው» አልኳት። «አንቺን አያውቅሽም።»

 ኢንሻአላህ በሰላም ያገናኘን ብላ ስልኩን ዘጋችው። ያልኩት ከሕክምናው አንጻር እውነት ነበር፤ እንዲያ ማለቴ ግን አሳፈረኝ፣ አሁንም ያሳፍረኛል። ከመካ በሰው ስልክ ሦስት ጊዜ ደውላ ስለ ቤቱ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀች። ስለ ኩላሊቱ አንድም ቃል አላነሳችም።

በኛ አገር ሐጅ ደርሶ የተመለሰን ሰው ለመጨበጥና ዱአ ለማስደረግ ሰፈሩ በሙሉ ይመጣል። ሰላምታው መተቃቀፍ ነው፣ አንዴም አይበቃም። ሐጃጆች ደግሞ አብዛኞቹ ሳል ይዘው እንደሚመለሱ የታወቀ ነው። ምን እንደማደርግ ስንት ቀን አሰብኩ። እናቴን ከመካ ስትመለስ ሳላቅፋት ብቀር ሰው ምን ይለኛል? ባቅፋትስ፣ የሰጠችኝን በገዛ እጄ ብገድለውስ? እሷም ተወግታለች፣ እኔም ተወግቻለሁ፤ ግን የኔን ሰውነት ማን ያምነዋል?

የምትገባ ዕለት ዳስ ተጥሎ፣ በሬ ታርዶ፣ ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። እኔ ማስኬን አድርጌ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ሊቀበላት የሄደው ታላቅ ወንድሜ ደወለ። ጨፋ፣ አጎቴ ቤት ወርዳለች። እያሳላት ነው፤ ሳሉ ሳይለቃት ቤቷ አትገባም፤ እንግዳው ይብላ ብላለች አለ። እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው የለም።

እንግዳው በላ፣ አጉረመረመም። ሐጃዋ ገና ከመምጣቷ ጎረቤቷን ናቀች ተባለ። አንዲት ጎረቤታችን ይህ ሁሉ ባንቺ ምክንያት ነው ስትል ፊት ለፊት ነገረችኝ። እውነቷን ነበር።

አጎቴ በየቀኑ እየደወሉ ያለችበትን ሁኔታ ይነግሩኝ ነበር። ከዋናው ቤት ራቅ ያለች ክፍል ለብቻዋ ይዛለች። ጠያቂ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር እንደቆመ ከሩቅ ነው ዱአ የምታደርግለት፤ እጇን አታስጨብጥም። ድምጿ ስለተዘጋ እኔን ልታነጋግረኝ አልቻለችም። ትኩሳቱ በሁለት ቀን ለቀቃት። መርፌው አቅልሎላት ይሁን ወይ ጉንፋኑ ራሱ ቀላል ይሁን፣ ይህን የሚያውቅ የለም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነይ ተባልኩ። በባጃጅ ሄድኩ፤ ማሽላው ጉልበት ደርሷል። እናቴ ከክፍሏ ደጃፍ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር። በኔ ማስክ ስትስቅ የኖረችው ሴትዮ አፍና አፍንጫዋን ሸፍናለች። ሳሉ ከለቀቀኝ ስድስተኛ ቀኔ ነው ብላ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ አቀፈችኝ። ከስታለች።

«አቲ ፈያዳ?» አለችኝ። አንቺ ደህና ነሽ ወይ።

ደህና ነኝ አልኩና ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቅኩ። አልመጣም። ስለ ዝናቡ አወራች፣ ስለ ዘምዘሙ አወራች። አምስት ዓመት የሰለቸኝን ጥያቄ ሳጣው እንደዚያ ቀን ከፍቶኝ አያውቅም። እጇን ይዤ ሆዴ ላይ፣ በስተቀኝ፣ አስቀመጥኩት።

«ኩላሊትሽም ደህና ነው» አልኳት።