ፍየሏ የቀመሰችው ሥር

«ፍየሏ ጠጥታው ምንም ካልሆነች፣ ልጄን ምን ገደለው?» አለችኝ አክስቴ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሴቱ ሁሉ እየሰማ።

ፋርማሲ ተመርቄ ቆቦ የገባሁት በዚያው ሰሞን ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ልጇ ለእኔ ወንድሜ ነበር። ዓይኑ ቢጫ ሲሆንበት የወፍ በሽታ ነው ተባለና ሥር ተወቀጠለት። እኛ ሰፈር ሥር ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ለፍየል ይጋታል። ፍየሏ ስታመሰኳ ካደረች መድኃኒት ነው፣ በቃ። ፍየሏ ስታመሰኳ አደረች። እሱም ከእናቱ እጅ ተቀብሎ ጠጣ። እስከዚያች ቀን ይበላ፣ ይሄድ፣ በእኔ ዲግሪ ይቀልድ ነበር። ከዚያ በኋላ መቃዠት ጀመረ። ሆስፒታል ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «ጉበቱን የጨረሰው የጠጣው ነገር ነው» አለኝ።

ለቅሶው ላይ ይኼንኑ ልናገር አፌን ስከፍት አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «በሬሳ ላይ?» አለች በሹክሹክታ። ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብኩት።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ከፍየሏ አትሻዪም?» አለች ሌላዋ ከወዲያ። ማንም አልሳቀም።

ተምሬዋለሁ እኮ። መምህራችን የመድኃኒት ጉዳት በየትኛው እንስሳ ይፈተሽ ሲል መጀመሪያ ዝምድና ነበር የሚያስቆጥረን። ጦጣ ቅርባችን ናት። አይጥ እንኳ ከፍየል ይልቅ ለሰው ትቀርባለች፤ እሷም ብትሆን ሁሉን አትነግርም። ፍየል ግን ሩቅ ናት። ሰው የሚገድል ቅጠል በልታ ትሄዳለች። ያኔ አይጥ ዘመዳችን ናት ሲባል ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። እኔም ስቄያለሁ።

የእኔ ዝምታ ሥሩን ነፃ ሲያወጣው ነገሩ ሁሉ በወንድሜ ሚስት ላይ ዞረ። ከዋጃ ያገባት ናት፣ የሰፈሩ ልጅ አይደለችም። «ምግቡን የምትሠራለት ማን ነበረች?» ይባባሉ ጀመር። ፀጉሯን ተላጭታ በሩ ሥር ትቀመጣለች፤ የሰጠችውን ውኃ የሚጠጣ ጠፋ። አርባው እንደወጣ ወንድሟ ሊወስዳት ባጃጅ ይዞ መጣ። አክስቴ ልብሷን በፌስታል ጠቅልላ ደጅ ላይ አኖረችላት። ልጅቷ እግሯ ላይ ወድቃ፣ «እማ፣ እኔ ምን አደረግኩ?» አለቻት። አክስቴ ፊቷን አዞረች።

«ሥሩ ነው እንዳልል ፍየሏ ይቻትና ቆማለች» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «እስቲ አንቺ ንገሪኛ! የተማርሽው አንቺ አይደለሽ?»

ጎረቤታችን እንደገና ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ሰለቸኝ።

«አክስቴ፣ ሁለት ልጆች ሊጋቡ ሲሉ ሰባት ቤት የምትቆጥሪው አንቺ ነሽ» አልኳት። «ፍየልን እስከ ሰባት ቤት ብትቆጥሪ ዘመዳችን ትሆናለች?»

«ምን ትላለች ይቺ» አለች። ግን ወዴት እንደምሄድ ገብቷታል። እንዳልጨርሰው እጇን አነሳች።

ጨረስኩት። «ለእሷ ምግብ የሆነው ለእሱ መርዝ ሆነበት። የገደለው ሥሩ ነው፣ አክስቴ። እንዲድን ብለሽ አጠጣሽው። ይቺ ልጅ የለችበትም።»