ቃለ ጉባኤ የያዘው ስልክ

አባቴን ስልክ ያስተማርኩባቸውን ቅዳሜዎች ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አቃቂ ለመድረስ ታክሲ ተሰልፌ፣ ተጋፍቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ያደነዘዘውን ጭንቅላቴን ይዤ እገባለሁ። እሱ ጺሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ይጠብቀኛል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ «በል አባዬ፣ ተናገር» ስለው ብድግ ይላል።

«ቁጭ ብለህም ይሰማሃል እኮ።»

«ቁጭ ብዬ ቃለ ጉባኤ አሰምቼ አላውቅም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ ሳይወጣ ጀምሮ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኛ በር ነው፤ ጡሩምባ ነፊውን የሚልከው፣ ድንኳኑን የሚያስወጣው እሱ ነው። በየወሩ ስብሰባ ላይ ደግሞ የተባለውን መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ወር ስብሰባው ሲከፈት ያነበዋል። ከዚያ ዓይኑ ደከመ። ሐኪሞቹ ግላኮማ ነው፣ የሄደው እይታ አይመለስም አሉን። ራሱ የጻፈውን ማንበብ ሲያቅተው የእድሩ ሰብሳቢ በአክብሮት «እስከ ፋሲካ እንይ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው እንመርጣለን» አሉት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከቤት የሚያወጣው እድሩ ብቻ ነው። «እሱን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?» ሲለኝ አንጀቴን በላው። ኤአይ የሚሉት ነገር የተናገሩትን ይጽፋል፣ የጻፈውንም ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኛም ቢሮ እንጠቀምበታለን። አይዞህ፣ እኔ አለሁ አልኩት።

አለሁ ማለት ቀላል ነው። አባዬ መጀመሪያ ስልኩን ሰላም ይላል፤ ስልኩም ሰላምታውን ከቃለ ጉባኤው ጋር ደባልቆ ይጽፋል። ሰላምታ ተው ስለው «ሰው ፊት ዝም ብዬ ልግባ?» ይለኛል። ይሄ ሲስተካከል መብራት ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን ዝምታው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምርና መሃል ላይ ቆም ብሎ ያስባል፤ ስልኩ የጨረሰ ይመስለውና ይዘጋል። እንደገና እከፍታለሁ። እንደገና ያስባል።

«ምንድን ነው እንደዚህ የምታስበው? የተባለውን አትናገርም?»

«የተባለውን ሁሉማ ማን ይጽፋል?»

ለልምምድ ያለፈውን ስብሰባ እንዲናገር ነግሬው ነበር። የዚያን ቀን ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአዲሱ ድንኳን ቀለም ተጣልተው ለድብድብ ምንም እንዳልቀራቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባዬ አሥር ደቂቃ አስቦ ያወጣት «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ በስምምነት ታልፏል» የምትል ነበረች። አሥር ደቂቃ ለዚህች። እኔ ልጆቼን ለጎረቤት ጥዬ መጥቻለሁ፣ እሱ ቃል ይመርጣል።

በአራተኛው ቅዳሜ ልቤ ውልቅ አለ። «በቃ ተወው» አልኩት። «ስብሰባው ላይ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፤ ራሱ ሰምቶ ራሱ ይጽፈዋል።»

«ሁሉን ይሰማል?»

«ሁሉን።»

«የሚተወውስ ነገር አለ?»

«ምንም አይተውም» አልኩት፣ ኮርቼበት።

አባላቱ ፈቀዱና ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ክንዱን ይዤ የምወስደው እኔ ስለሆንኩ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ከቀብር ስለሚቀሩ አባላት ክርክር ተነሳ። አንድ ከባቡር ድርጅት ጡረታ የወጡ ሰው ቅጣቱ ይጥበቅ ሲሉ፣ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ቱግ አሉና «ከገዛ ወንድሙ ቀብር የቀረ ሰው ስለ ቀብር አይነግረንም» አሏቸው። ከዚያም ሁለቱ ብዙ ተባባሉ። በወሩ ውስጥ ሽማግሌ ተልኮ፣ አባዬም አንዱ ሆኖ፣ ሁለቱ ይቅር ተባባሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ስልኩ ምን እንደጻፈ ግን አላነበብኩም። ረጅም መሆኑን አይቼ ጎበዝ ብዬ ዘግቼዋለሁ። በቀጣዩ ስብሰባ ጠዋት አባዬ «እስቲ አንዴ አንብቢልኝ» አለኝ። ጫማውን እያሰርኩለት ነበር፤ አርፍደናል። «እዚያው ራሱ ያነብልሃል፣ አብረህ ትሰማዋለህ» አልኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ለእኔ ግን መልቀሚያ ጊዜም አልተሰጠኝም።

አባዬ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። እኔ ነካሁለትና ስልኩ ውስጥ ያለችው የተለሳለሰች የሴት ድምፅ ማንበብ ጀመረች። የተገኙትን ሰዎች፣ አጀንዳውን። ሰው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቀጥላ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ «ከገዛ ወንድሙ ቀብር የቀረ ሰው ስለ ቀብር አይነግረንም» አለች። እዚያም አላቆመችም፤ ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አንድ በአንድ ዘረዘረችው። ስልኩን ከአባዬ እጅ ቀምቼ አጠፋሁት።

የባቡሩ ጡረተኛ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ባለ ወፍጮው መሬት መሬት ያያሉ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «አበስኩ ገበርኩ» ሲሉ ሰማሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ልል አፌን ስከፍት አባዬ ክንዴን ጨመቀኝ።

«ጸሐፊው እኔ ነኝ» አለ ለተሰበሰበው ሰው። «የማይጻፍ ነገር አስጽፌያለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ከኪሱ የእድሩን ማህተም አወጣና በዳበሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። መልሰህ ያዘው ያለው አንድም ሰው የለም።

ቤት ገብተን አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በስልኩ ተናደድኩ፣ ዝም ባሉት ሰዎች ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ ተቃጠልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ምን ሲሠራ እንደኖረ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

አዲሱ ጸሐፊ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጡሩምባውን አስቀርተው የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። አባዬ ማየት ስለማይችል ግሩፑ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ቤቱን ሳጸዳለት ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው፣ አራት ሰዓት ላይ ሳወጣው መልእክቱን አየሁ። ከሐዲዱ ማዶ የሚኖሩት፣ ፋብሪካ አብረውት የሠሩት ሰው አርፈዋል። ነገርኩት።

«መቼ ነው የተጻፈው?» አለኝ።

«ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ይላል።»

ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። ከዚያ ከዘራውን እንዳቀብለው ጠየቀኝ። ክንዱን ይዤ ሐዲዱን ተሻግረን ስንደርስ ድንኳኑ ያለ እሱ ተተክሏል፣ ሰዉም ገብቶ ተቀምጧል። አባዬ መግቢያው ላይ ቆመና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የት ልቀመጥ?» አለኝ።