አባቴ ስለ ጥንቸሎቹ የጠየቁኝ

በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤተ ሙከራ ተቀጥሬ ጥንቸል እመግብ ነበር። ሐኪሞቹ የጥንቸሎቹን ፊኛ ከውስጥ ይፍቁና ገበሩ፣ ማለትም የውስጥ ሽፋኑ፣ እንዴት መልሶ እንደሚበቅል ይከታተላሉ። የከፊሎቹን ሽንት ወደ ፊኛው ሳይደርስ በቱቦ ወደ ውጭ ያወጡታል፤ የሌሎቹ እንደ ወትሮው ቁስሉን እየነካ ያልፋል። ሽንት ቁስሉን ይጠግነዋል ወይስ ይጎዳዋል? ማወቅ የሚፈልጉት ይህንን ነበር።

እዚያ ስሠራ አባቴ ከደጋው አገራችን ከሞላሌ ታመው መጡ። ቄስ ነበሩ። ሆስፒታል ገብተው የፊኛ ጠጠር ወጣላቸው። ሲሻላቸው አውቶቡስ አሳፍሬ ወደ ቤት መለስኳቸው።

ጥቂት ቆይቼ ልጠይቃቸው ስሄድ ውሃ መጠጣት ትተው ነበር። እናቴ ታቀርባለች፣ እሳቸው በእጃቸው ይመልሱታል።

«ሽንቱ ሲወርድ እሳት ነው፤ ደምም አለው» አሉኝ። «ካልጠጣሁ አይመጣም። አንቺ ሥራሽ ይኸው አይደል፤ ልጠጣ ወይስ ልተው?»

«ይጠጡ፣ አባባ። የሆስፒታሉ ሐኪምም ይጠጡ ብለዋል።»

«የሳቸውን ሰምቻለሁ። ጥንቸሎቹስ?»

«ውጤታቸው አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ገበሩ መልሶ ሲበቅል ግን አይቻለሁ።»

«ከዳኑ በኋላ ሽንታቸውን መቋጠር ቻሉ?»

«እሱን አላየንም። ገበሩን ለማየት ይገደላሉ» አልኩ።

አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። ጣሳውን ከእናቴ ተቀበሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ።

ቃጠሎው እያደር በረደላቸው፤ ደሙም ቆመ። ሽንቱ ግን አልቋጠር አለ። ቁጭ ብለው ሲያወሩ ያመልጣቸዋል። እናቴ አሮጌ ነጠላ እየቀደደች ታለብሳቸዋለች፤ በዚያ ብርድ ጨርቁ ስለማይደርቅ ምድጃ ዳር ትዘረጋዋለች። ሆስፒታል መልሼ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መርምረው «ቁስሉ ድኗል፤ ፊኛው ግን ጠቧል። ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም» አሉን። በአውቶቡስ አብረን ወደ ሞላሌ ተመለስን።

እንዲህ ሆኖ መቅደስ አይገባም። ማንም ሳይከለክላቸው ራሳቸው መቀደስ ተዉ። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር፣ ከጽዱ ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። በመጀመሪያው ሰንበት አብሬያቸው ነበርኩ። ውስጥ ያሉት ቄስ ለሕዝቡ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ አባቴም እንደ ቄስነት ልማዳቸው አብረው አሉት። ወዲያው ደንግጠው አጎነበሱ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» እያሉ መመለስ ጀመሩ።